ጥገና እንደ አደራ፦ የቆመ ትራክተርን ስለ ማስነሣት

ለዓመታት ቆሞ የዛገ የእርሻ ትራክተር ገዝቶ እንደገና እንዲያርስ ማድረግ ሲታይ የመካኒክና የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ ገዢው የብረቱን ዋጋና የመለዋወጫውን ወጪ ደምሮ፣ ከአዲስ ትራክተር ዋጋ ጋር አነጻጽሮ፣ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ይላል። ነገር ግን ሥራው ከሒሳብ ያለፈ ጥያቄ ይዟል። መሥራት ያቆመ ዕቃ «ሞተ» ሲባል በእርግጥ የጎደለው ምንድን ነው? ተጠግኖ ሲነሣስ የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ? ያስነሣው ሰውስ ምን ሊባል ይገባዋል፤ ፈጣሪ፣ ሠሪ ወይስ ባለአደራ? ይህ ጽሑፍ የመጨረሻውን ጥያቄ ዋና አድርጎ፣ መልሱን በአንድ በኩል ከሥነ ፍጥረት ትምህርትና ከፍልስፍና፣ በሌላ በኩል ጥያቄው ከገበሬው ኑሮ ጋር በቀጥታ ከሚገናኝበት ከወላይታ ዞን ምዕራባዊ ቆላ ይፈልጋል።

ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ፣ ምድሩ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ በሚወርድበት አቅጣጫ ትገኛለች። የወላይታ ደጋ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ብዙው ቤተሰብ ከእንሰቱ ጓሮ ጋር ተደምሮ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዞ ስለሚኖር፣ በዚያ ትራክተር መዞሪያ እንኳ አያገኝም፤ በሬ የሌለውም ማሳውን በእጅ መቆፈሪያ ይገለብጣል። ቆላው ግን ሰፋ ያለ መሬት ቢኖረውም ሌላ ጠላት አለበት፤ ፄፄ የተባለው ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ፣ ማለትም በከብት ደም ውስጥ በሚራቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚመጣ በሽታ፣ የእርሻ በሬን አመንምኖና ደሙን አሟጥጦ ይጥለዋል። ስለዚህ በኦሞ ዳር ቆላ መሬት ኖሮት በሬ ያጣ ገበሬ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለው ገበሬ ገንዲ የማይነካው የብረት ጉልበት ቅንጦት ሳይሆን የዓመቱን ቀለብ የሚወስን ጉዳይ ነው።

የዚህ አካባቢ የእርሻ ታሪክም ከማሽን ጋር የተያያዘ ነው። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረውና በአህጽሮት ዋዱ ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ከማቅረቡ ጎን ለጎን፣ ከተጨናነቀው ደጋ ወደ ቆላው ወርደው የሰፈሩ ቤተሰቦችን ይረዳ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ ትራክተርን የአዲሱ ሥርዓት ዋና ምልክት አድርጎ ያዘው፤ በ1970ዎቹም ናዝሬት፣ በዛሬው ስሟ አዳማ፣ ላይ ቤላሩስ የተባሉትን የሶቪየት ትራክተሮች የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ማሽኖቹም ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ ገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተላኩ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በየአገሩ አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬውና መሬቱ ለየቤተሰቡ ሲከፋፈል ትራክተሩ ግን ሊከፈል የማይችል ስለሆነ ባለቤት አጥቶ ቆመ። ዛሬ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ መሪው ጠፍቶ ሐረግ የወጣበት ቤላሩስ ወይም ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር የሚያይ ሰው የሚያየው አሮጌ ብረት ብቻ አይደለም፤ የጋራ ነው የተባለ፣ በኋላም ማንም የኔ ብሎ ያልጠበቀው ሀብት መጨረሻው ምን እንደሚሆን ጭምር ነው።

እንዲህ ያለው ትራክተር ሞተ የሚባለው በምን ትርጉም ነው? አርስቶትል «ስለ ነፍስ» በተባለው ድርሳኑ ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ የመጥረቢያን ምሳሌ ያነሣል። መጥረቢያ ሕይወት ያለው አካል ቢሆን ኖሮ ነፍሱ መቁረጥ መቻሉ በሆነ ነበር፤ ይህ ችሎታ ከተለየው የሚቀረው መጥረቢያ በስም ብቻ ነው ይላል። በዚያው ሥፍራ ፈላስፋው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል፤ የተኛ ሰው እያየ ባይሆንም የማየት ችሎታ አለው፤ ነቅቶ ሲመለከት ደግሞ ችሎታው በሥራ ይገለጣል። ይህን ወደ ትራክተሩ ብንመልሰው፣ ለእርሻ ወራት ተዘጋጅቶ በመጠለያ የቆመው ትራክተር ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት የተጣበቀው ግን ክብደቱም መልኩም እንዳለ ሆኖ ትራክተር የሚለው ስም ብቻ ቀርቶታል። ከቆራሌው ሚዛን የሚደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሚዛኑ ላይ የሚቆጠረው ኪሎው ነው፣ ቀልጦ ፌሮ ሊሆን ይችላልና። ገዢው ግን በኪሎ የተተመነውን ነገር ሲገዛ ሚዛኑ የማያውቀውን፣ ማለትም በውስጡ ገና ያልጠፋውን የመሥራት ዕድል ይገዛል፤ የሚገዛው በሙሉ እርግጠኝነት ሳይሆን በተስፋ መሆኑም ድርጊቱን ከተራ ግዢ ይለየዋል።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ይህን ነገር ከሌላ ወገን ይዞት ነበር፤ የማይሠራበት ማሽን ከንቱ ከመሆኑም በላይ በተፈጥሮ ኃይሎች ይበላል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ከዚህ ሁኔታ የሚያወጣውም የሕያው ሰው ሥራ ብቻ ነው ይላል። በማርክስ ስም የሚምለው ሥርዓት ትራክተሮቹን ያለ ተንከባካቢ ትቷቸው መሄዱ ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ራሱ ግን ትክክል ነው። የማሽን ሕይወት ከውስጡ የሚመነጭ አይደለም፣ ከሰው የሚዋሰው ነው።

ጥገናው እንዴት እንደሚከናወን በቅርብ ሲታይ የሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይበልጥ ይገለጣል። የተጣበቀ የናፍጣ ሞተር የሚያስነሣ ሰው በመጀመሪያ ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖውን አይነካም። ኖዝሎቹን፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ክፍሎች፣ ፈትቶ በክፍቱ ቀዳዳ ናፍጣ ወይም ስስ ዘይት ያፈስሳል፤ ፈሳሹ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ወደ ተጣበቁት ፋሻዎች፣ ማለትም ወደ ፒስተኑ ቀለበቶች፣ ሰርጎ ዝገቱን እስኪያላላ ድረስ ለቀናት ይተወዋል፤ ከዚያም ኮሎውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ በእጁ ጥቂት ወደፊት ጥቂት ወደኋላ እያወዛወዘ ይሞክራል። የቸኮለ ሰው ትራክተሩን በሌላ መኪና አስጎትቶ ማርሽ ቢያስገባ ፋሻው ይሰበራል፣ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ፣ ይጣመማል፣ ሊድን ይችል የነበረው ሞተር ያን ጊዜ ይጠፋል። ሞተሩ መዞር ከጀመረም በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ለዓመታት የቆመው የነዳጅ ጋን ውኃና ዝቃጭ ስለሚይዝ ይታጠባል፣ ፊልትሮው ይለወጣል፣ በነዳጅ መስመሩ የገባው አየር በእጅ ፖምፓው እየተገፋ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ ይወጣል፤ የናፍጣ ሞተር በመስመሩ ውስጥ አየር ካለ ሌላው ሁሉ የተሟላ ቢሆንም አይነሣምና። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው አስቀድሞ የሚዞረውም የሞተር ዘይቱ ወደ ደረቁ ኩሽኔታዎች እንዲደርስ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጠጋኙ ብረቱን የሚያዘው ያህል ብረቱም እርሱን ያዘዋል። የሚከተለው ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በሩቅ አገር ያሰበውን አሠራር ነው፤ የማያውቀውን መሐንዲስ ሐሳብ ከዝገቱ ሥር ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይታዘዝለታልም።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት የእግዚአብሔርን ሥራ በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው «እምኀበ አልቦ» ይባላል፤ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት ሲሆን፣ አራቱ ባሕርያት፣ ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ የተገኙት በዚህ ነው። ሁለተኛው «ግብር እምግብር» ይባላል፤ አስቀድሞ ከተፈጠረው ሌላውን ማስገኘት ሲሆን፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያት መበጀቱ ከዚህ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ለፍጡር ፈጽሞ አይቻልም። ሁለተኛውንም ሰው በራሱ ሥልጣን አያደርገውም፤ ይሁን እንጂ ማዕድን ከምድር አውጥቶ ትራክተር የሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ በጥላነት ይመስለዋል ቢባል ነውር የለበትም። ጥገና ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ጠጋኙ አዲስ ነገር አላስገኘም፤ የነበረው እንዲቀጥል አደረገ እንጂ። ይህም በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ ለአዳም ከተሰጠው ሥራ ጋር ይገጥማል፤ አዳም በገነት የተቀመጠው ገነትን እንዲፈጥር ሳይሆን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነበርና። ጥገና ከፈጠራ ያነሰ፣ ለማይችሉ የቀረ ሥራ ነው የሚለው ዘመናዊ አስተሳሰብ ይህን የዘነጋ ይመስላል፤ በዚህ ትምህርት ሚዛን ከሆነ ጥገና ለሰው የተሰጠው የመጀመሪያውና በጣም የራሱ የሆነው ሥራ ነው።

የቆመውን ማሽን ማስነሣት ከትንሣኤ ሙታን ጋር የማመሳሰል ፈተናም አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኒቱ አምስት አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ስለሆነ፣ በቃል ልማድ ብቻ የሚደረግ ማመሳሰል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በወላይታ ብዙ ምእመናን ያሏቸው የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናትም ሆኑ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ በዚህ አይለያዩም፤ የሙታን ትንሣኤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ የሚነሣውም ነፍስ ያለው ሰው ነው። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ትንሣኤን ለማስረዳት ከብረታ ብረት ምሳሌ ወስደዋል። እ.ኤ.አ. ከ354 እስከ 430 የኖረው አፍሪካዊው ጳጳስ አውግስጢኖስ፣ የቀለጠ ሐውልት ከዚያው ማዕድን እንደገና ቢቀረጽ፣ ቀድሞ በእጁ የነበረው ቅንጣት አሁን በእግሩ ቢገኝ ለሐውልቱ ማንነት ለውጥ እንደማያመጣ ጽፎ፣ የሰው አካልም ሲነሣ እያንዳንዱ ቅንጣት በቀድሞ ቦታው መገኘቱ ሊያስጨንቅ አይገባም ብሏል። ለትራክተሩ ጥያቄ የሚጠቅመው የዚህ ሐሳብ ግማሹ ብቻ ነው። ለአውግስጢኖስ ማዕድኑ ያው ነው፤ ለጠጋኙ ግን ማዕድኑም ይለወጣል።

ማንነት በተለወጡ ክፍሎች ውስጥ ይቀጥላል ወይ የሚለው ክርክር ጥንታዊ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን ጠበቋት፤ ፈላስፎችም ያችው ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከራከሩ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1655 ጥያቄውን አከበደው፤ የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መርከብ ቢሠራባቸው ከሁለቱ የትኛዋ የቴሴዎስ ናት? ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከአንድ ትራክተር የወጣ ሞተር ወፍጮ ሊያዞር ይችላል፤ ካምቢዮው ሌላ ትራክተር ውስጥ ይገባል፤ ሁለት የቆሙ ትራክተሮች ተፈታትተው አንድ የሚሠራ ይወጣቸዋል። ሕጉ ለዚህ የራሱን መልስ አዘጋጅቷል። ሊብሬ በተባለው የባለቤትነት ደብተር ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይሰፍራሉ፤ ሞተሩ ቢለወጥ ደብተሩ ይታረማል እንጂ ትራክተሩ አዲስ ነው አይባልም፤ የማንነቱ ማሰሪያ ሻንሲው ነው። የገበሬው ልማድ ከሕጉም ይቀድማል። ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ ይጠረባል፣ ማረሻው ሲያልቅ በአዲስ ይተካል፣ ምራኑ ሲበጠስ ከሌላ ቆዳ ይገመዳል፤ ባለቤቱ ግን ዕቃው በአባቱ ዘመን ያረሰበት እንደሆነ ይናገራል፣ የሚሰማውም አይጠራጠርም። በዚህ ንግግር ውስጥ ያለው ፍልስፍና ሊናቅ አይገባም፤ የአንድ መሣሪያ ማንነት በቁሱ ሳይሆን ሳይቋረጥ በቀጠለው ሥራውና በሚጠብቁት ሰዎች ተከታታይነት ላይ ያርፋል ማለት ነውና። እንዲህ ከሆነ ለሠላሳ ዓመት ቆሞ የተነሣው ትራክተር አስቸጋሪ የሚሆነው ክፍሎቹ ስለተለወጡ ሳይሆን የሥራው ተከታታይነት ስለተቋረጠ ነው፤ ጠጋኙም ከዕቃ ይልቅ የሚቀጥለው ይህን የተበጠሰ ክር ነው።

ከዚህ የሚወጣ የእውነተኛነት ግዴታ አለ። የተሰነጠቀ ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ በብየዳ ተይዞ፣ ያለቀ ፍሬን ሳይነካ፣ ላዩ በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ለሌላ ገዢ ቢተላለፍ፣ የሆነው ነገር ጥገና አይደለም፣ የሞተን በሕያው አምሳል መሸጥ ነው። በቶርኖ ቤት የተቀረጸ ክፍል በመሠረቱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከየት እንደመጣ መደበቁ ነው።

ስለ ጥገና ክብር የሚናገር ሁሉ በወላይታም ሆነ በቀረው ኢትዮጵያ አንድ ከባድ ታሪክ ይጠብቀዋል። በወላይታ ዎጋቼ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች፣ ጪናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጌላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ለብዙ ዘመን ከቀረው ማኅበረሰብ ተለይተው፣ ጋብቻና ማዕድ ተከልክለው ኖረዋል፤ በሰሜኑም ቀጥቃጭን በቡዳነት መጠርጠር የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ማኅበረሰቡ ያለ ማረሻ እንጀራ እንደማይበላ እያወቀ ማረሻውን የሚያቃናውን ሰው ከማዕዱ አርቆታል። ዛሬ ያው ብረት የማቃናት ሥራ ጋራዥ ሲገባ፣ ቱታ ሲለብስና የጣልያን ስም ያላቸውን ክፍሎች ሲነካ ይከበራል፤ የቀጥቃጩ ልጅ ግን አሁንም በአንዳንድ ሥፍራ ሚስት ሲጠይቅ ዘሩ ይቆጠራል። ይህ ልዩነት በምክንያት ሊደገፍ አይችልም፣ በሃይማኖትም ቢሆን። እርግጥ ነው፣ ብረትን የሠራው ቱባልቃይን ከቃየል ወገን መወለዱን ዘፍጥረት ይናገራል፤ ነገር ግን ኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር መንፈሱን ሞልቶበት በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ስለጠራው ባስልኤል ይተርካል፤ ወንጌላዊው ማርቆስም የናዝሬት ሰዎች ኢየሱስን በእንጨት ሙያው እንደጠሩት ጽፏል። ጥበበኛ እጅ ርኩስ ነው የሚል ሰው ከእነዚህ ሁሉ ጋር መከራከር አለበት። በቤሌ የቆመ ትራክተር የሚያስነሣ ወጣት መካኒክ የሚወርሰው የፋብሪካውን መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ምስጋና ያልተቀበለውን ዎጋቼም ይወርሳል፤ ይህን ወራሽነት በግልጽ መቀበል ካለፈው በደል የተወሰነውን መካስ ነው።

ባለአደራነት የተሟላ ትርጉም የሚያገኘው ግን ትራክተሩ ከጋራዡ ሲወጣ ነው። አንድን ማሽን ማስነሣት በራሱ መልካም ተደርጎ መወሰድ እንደሌለበት የኢትዮጵያ የቅርብ ታሪክ ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአህጽሮት ካዱ፣ ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር፤ የአካባቢው ባለመሬቶች ግን በስንዴ የሚገኘውን ትርፍ ሲያዩ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስወጡ። በዚያ የሚሠራው ትራክተር፣ በአርስቶትል አነጋገር ነፍሱ ሙሉ የሆነው፣ ለጭሰኛው የስደት ምክንያት ሆነ። ስለዚህ የመሣሪያው ዓላማ ማረስ ነው ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ለማን ያርሳል የሚለው የዓላማው ክፍል ነው። በኦሞ ዳር ቆላ በገንዲ በሬዋን ያጣች ባል የሞተባት ሴት፣ ዝናብ በጀመረበት ሳምንት የእርሻ ኪራይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ካልቻለች፣ የሚነሣው ትራክተር ለእርሷ እንደቆመ ነው። ኪራዩን ከአዝመራ በኋላ መቀበል፣ ተራውን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዘሩ በሚፈልገው ጊዜ ማውጣት፣ በደቦ የለመደውን ማኅበረሰብ የብረቱን ጉልበት በዚያው መንገድ እንዲጋራ ማድረግ፣ የባለቤቱን ትርፍ ይቀንሰው ይሆናል፤ ትራክተሩን ያስነሣው ተስፋ የሚፈጸመው ግን በእነዚህ ነው።

ለአዳም የተሰጠው አደራ የተነገረውም ስለ መሣሪያ ሳይሆን ስለ ምድር ነው፤ ስለዚህ ጠጋኙና ባለቤቱ ከማሽኑ ይልቅ ለአፈሩ ይጠየቃሉ። ወደ ኦሞ የሚወርደው ተዳፋት ከላይ ወደ ታች በዲስክ ቢገለበጥ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ለሙን አፈር ይዞት ይወርዳል፤ በዝናብ የራሰ ማሳ በከባድ ጎማ ቢረገጥ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥርና ውኃ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ይደፈናል። ተዳፋቱን ከጎን ወደ ጎን ማረስ፣ በጣም የቆመውን ለሣርና ለዛፍ መተው፣ ጭቃው ጠፈፍ እስኪል መታገሥ፣ ፋሻው እስኪላላ ቀናት የጠበቀው እጅ የማያውቀው ትዕግሥት አይደለም። ጭቃው እስኪጠፍፍ በሚጠበቅባቸው ቀናት ሞተሩ ደህና፣ ጋኑ ሙሉ ሆኖ ትራክተሩ በመጠለያው ቢውል የጎደለበት ነገር የለም፤ የማረስ ችሎታው በእጁ አለና፣ ባለቤቱም በዕለቱ ኪራይ ማጣቱን እንደ ኪሳራ ሊቆጥረው አይገባም።